የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ክረምት የማያፈርሰው የእግር መንገድ

ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ከተለያየ ቦታ ቢጻፉም ጉዳያቸው አንድ ሆኖ አገኘነው። ሁሉም የሚጠይቁት ሰዎች ተራራና ደን ለማየት የሚሄዱባቸውን የእግር መንገዶች ስለ መሥራትና ስለ መጠበቅ ነው። በመስኩ ረጅም ጊዜ ስለ ሠራሁ መልሱን እንድጽፍ አዘጋጆቹ ጠይቀውኛል። የመጀመሪያው ጥያቄ የሌሎቹም መሠረት በመሆኑ ሰፊውን ቦታ ለእርሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአንኮበር አካባቢ ነው። እኔና 11 ጓደኞቼ በማኅበር ተደራጅተን፣ ጎብኚዎች ከመኪናው መንገድ ተነሥተው ቆላውን ቁልቁል ወደሚያሳየው አፋፍ የሚወጡበትን የእግር መንገድ ባለፈው በጋ ሠራን። አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ሰጥተን፣ አፈሩን ጠርገን፣ ግራና ቀኙን ድንጋይ ደርድረን ኖራ ቀባነው፤ ያየው ሁሉ አመሰገነን። ክረምቱ ሲወጣ ግን መሃሉ ተቦርቡሮ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ሆኖ ጠበቀን። አንዳንዶች ሲሚንቶ ካልፈሰሰበት አይጸናም ይሉናል። ጥፋታችን ምንድን ነው? እንደገናስ እንዴት እንሥራው?

መልስ፦ ሥራችሁ ንጹሕና የተለፋበት እንደነበር ከደብዳቤዎ እረዳለሁ፤ የተሳሳተው መስመሩ ነው። በግልጽ ባይጽፉትም፣ መንገዱ ከመኪናው መንገድ እስከ አፋፉ በቀጥታ ሽቅብ የወጣ መሆኑን ጉዳቱ ራሱ ይናገራል። ከተራራ የሚወርድ ውሃ ሁልጊዜ የሚመርጠው ቀጥተኛውንና ቁልቁለት የበዛበትን አቅጣጫ ስለሆነ፣ መንገዳችሁ ያንኑ አቅጣጫ ተከትሎ ሲቆፈር ለጎርፍ የተዘጋጀ ቦይ ሆነ ማለት ነው። ሣሩና ሥሩ ተጠርጎ የተራቆተ አፈር የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብ ሊቋቋም አይችልም። አንድ ጊዜ ውሃው መሃሉን ከያዘ ደግሞ ጎብኚው ጭቃውን ሸሽቶ ዳር ዳሩን ስለሚረግጥ ጉዳቱ ወደ ጎን ይሰፋል።

ስለዚህ በዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ዝናብ ሲጥል ውሃው ከየት መጥቶ፣ የት ላይ መንገዱን ተሻግሮ፣ ወዴት ይሄዳል የሚለው ነው። የሰው መተላለፊያ ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነው።

መንገድ ሠሪዎች የሚመሩበት አንድ ቀላል ስሌት አለ። የመንገዱ ሽቅብነት ከተራራው ተዳፋት ግማሽ መብለጥ የለበትም። ተዳፋቱ 30 በመቶ ከሆነ፣ ማለትም በ100 ሜትር አግድም ርቀት 30 ሜትር የሚወጣ ከሆነ፣ መንገዱ ከ15 በመቶ በላይ ከወጣ ውሃው መንገዱን አቋርጦ መውረዱን ትቶ መንገዱን ይከተላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚቆፈር ማፋሰሻ ሁሉ ብዙም አይረዳም። ተራራው እጅግ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ የመንገዱ አማካይ ሽቅብነት ከ10 በመቶ እንዳያልፍ ማድረግ ለአፈሩም ለተጓዡም ትንፋሽ ይበጃል። በዚህ ስሌት መንገዱ ይረዝማል፤ 120 ሜትር ከፍታ ለመውጣት በ8 በመቶ ሽቅብነት 1500 ሜትር ያህል መሄድ ያስፈልጋል። አሠሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያጉረመርሙት በዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ጎብኚው የመጣው ተራራውን ለማየት እንጂ ቶሎ ለመጨረስ ስላልሆነ፣ እየዞረ የሚወጣ መንገድ በየመታጠፊያው አዲስ እይታ ይሰጠዋል።

መስመሩን ለመቀየስ ውድ መሣሪያ አያስፈልጋችሁም፤ በአካባቢያችሁ የተፋሰስ ልማት ሲሠራ የእርከን መስመር ያወጡ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕቃ ይበቃል። ሁለት እኩል ዘንጎች፣ 10 ሜትር ሲባጎ እና ከሲባጎው መሃል የሚንጠለጠል የውሃ ልክ ያዙ። ለእርከን ሲሆን ሲባጎው በሁለቱም ዘንጎች ላይ በእኩል ከፍታ ይታሰራል። ለመንገድ ግን ከታች በሚቆመው ዘንግ ላይ በ160 ሳንቲ ሜትር፣ ከላይ በሚቆመው ላይ በ80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እሰሩት። የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ላይ ሲቆም በሁለቱ ዘንጎች እግር መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 80 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ይህም በ10 ሜትር ላይ 8 በመቶ ነው። በየደረሳችሁበት ችካል እየተከላችሁ እስከ አፋፉ ውጡ። ከዚያም ዶማ ከመነሣቱ በፊት መስመሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥታችሁ ወርዳችሁ ተመልከቱት፤ ችካል ነቅሎ መትከል ከቆፈሩ በኋላ ከማዛወር እጅግ ይቀላል።

ቁፋሮው ሲጀመር የመንገዱ ሙሉ ስፋት በተራራው ጎን ውስጥ ተቆርጦ መግባት አለበት። ብዙ ሠራተኞች ድካም ለመቀነስ ግማሹን ስፋት ቆርጠው፣ የወጣውን አፈር በታችኛው ዳር ከምረው ቀሪውን ግማሽ በሙሊት ይሠራሉ። ያ ሙሊት በመጀመሪያው ክረምት ይሰጥማል፤ በሁለተኛው ይንሸራተታል። ከላይ ያለውን ቅጠላማ ጥቁር አፈር ከነሥሩ ለብቻ አስቀምጡት፤ በኋላ የድሮውን ቦይ ለማልበስ ይጠቅማችኋል። ከሥሩ የሚገኘው ጠንካራው አፈር የመንገዱ ወለል ይሁን፤ ከቁፋሮው የተረፈው አፈር ደግሞ ራቅ ብሎ በተዳፋቱ ላይ ይበተን፤ ዳር ላይ ከተከመረ ውሃ ይገድባል።

አሁን ደግሞ ኖራ ወደ ተቀቡት ድንጋዮች ልመለስ፤ ይህን የምጽፈው እያዘንኩ ነው፤ ምክንያቱም በየቦታው የማየው ነገር ነው። በታችኛው ዳር የተደረደረ ድንጋይ ለዓይን የሚያምር ቢሆንም፣ ለውሃው ግን ግድብ ነው። ወደ ጎን ሊወጣ የሚችለው ውሃ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ተመልሶ መንገዱን ይዞ ይወርዳል። የመንገዱ ወለል ወደ ታችኛው ጎን ትንሽ ማዘንበል አለበት፤ በአንድ ሜትር ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃል፤ ያም ዳር ክፍት መሆን አለበት። ድንጋዮቹን አንሡና ለደረጃና ለክትር (በቦይ ውስጥ ጎርፉን ለሚያበርድ የድንጋይ ማገጃ) ተጠቀሙባቸው።

ማዘንበሉ ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ እግር የረገጠው መንገድ መሃሉ መጎድጎዱ አይቀርም። ስለዚህ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ በየ20 ወይም በየ30 ሜትሩ ጥቂት እርምጃ ዝቅ ብሎ እንደገና ወደ ላይ እንዲወጣ አድርጉት። ተጓዡ ልብ የማይለው ይህ ዝቅታ መንገዱን ይዞ የሚወርደውን ውሃ በዚያች ነጥብ ላይ ያስቆምና ወደ ጎን ያስወጣዋል። በመንገዱ ላይ ገደድ ተደርጎ የሚቀበር የድንጋይ ወይም የግንድ ማገጃም ይሠራል፤ ግን ከኋላው ደለል ቶሎ ስለሚሞላ በየዓመቱ ካልተጠረገ ውሃው በላዩ ያልፋል። እኔ ምርጫ ካለኝ ዝቅታውን አስቀድማለሁ።

መታጠፊያዎች ጥቂት ይሁኑ፤ የሚሠሩትም ረገብ ባለ ቦታ ላይ ይሁን። ተጓዥ የላይኛውን መንገድ ከታች ሆኖ ካየው ያቋርጣል፤ አንዱ ሲያቋርጥ ሌላው ይከተላል፤ አቋራጩም በአንድ ዓመት ውስጥ ቦረቦር ይሆናል። በሁለቱ መንገዶች መካከል ቁጥቋጦ ወይም ትልቅ ቋጥኝ ያለበትን ቦታ ከመረጣችሁ ይህ ችግር ይቀንሳል።

ሲሚንቶ ለምን እንደማልደግፍ ምክንያቴን ልስጥ። ቀጥ ባለ መስመር ላይ የፈሰሰ ሲሚንቶ ጎርፉን አያስቆመውም፤ ያፈጥነዋል። ውሃው በዳሩ ገብቶ ሥሩን ይቦረቡርና ንጣፉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይሰበራል። ስብርባሪውን ከተራራ ማውረድ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ማምለጫ የሌለው ቀጥ ያለ ቦታ ካጋጠማችሁ የድንጋይ ደረጃ ሥሩ። አንድ ሰው ብቻውን የማያነሣው ትልልቅ ድንጋይ መርጣችሁ፣ አብዛኛውን ክፍሉን ቅበሩት፤ እያንዳንዱ ደረጃ በታችኛው ላይ ተደግፎ ይቀመጥ፤ ቁመቱም ከ20 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ እንደሚጸና ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር ካቦቹ አንዳንዶቹ እስከ 5 ሜትር ይደርሳሉ፤ በድንጋይ ላይ ድንጋይ ብቻ ተቀምጦ የተሠሩ ናቸው።

አዲሱ መስመር ሲከፈት አሮጌውን ዝም ብላችሁ አትተዉት። ቦዩ ውስጥ ከላይ ጀምሮ እስከ ታች በየተወሰነ ርቀት የድንጋይ ክትር ሥሩበት፤ ወለሉን በዶማ አላሉትና ያስቀመጣችሁትን ጥቁር አፈር አልብሱት፤ መግቢያና መውጫውን በእሾህና በቅርንጫፍ ዝጉት። ካልተሰወረ ሰው ይሄድበታል።

የሥራው ወቅትም ይታሰብበት። ጥቅምትና ኅዳር አፈሩ ገና እርጥበት ስላለው ለመቆፈርም ለመጠቅጠቅም ይመቻል፤ በየካቲትና በመጋቢት የተቆፈረ አቧራ ግን ስለማይያያዝ የመጀመሪያው ዝናብ ያጥበዋል።

ደብዳቤዎ ላይ ያልተነሣ፣ ግን ከልምድ የማውቀው አንድ ነገር አለ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ክፍያ በሜትር ሲሆን ሠራተኛው ሜትር ለማብዛት ይቸኩላል፤ ሙሉ ስፋቱ አይቆረጥም፤ ማፋሰሻው ይዘለላል። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት በዚህ መንገድ ውል የተዋዋለ ሥራ ስቆጣጠር በሁለት ወር ያለቀው መንገድ በቀጣዩ ዓመት ግማሹ ጠፍቶ አይቻለሁ። በቀን ክፍያ መዋዋል፣ ካልተቻለም የክፍያውን አንድ ክፍል ከክረምቱ በኋላ እንዲከፈል ማድረግ ለሁለቱም ወገን ፍትሐዊ ነው። ከዚህም ጋር ውሉ ውስጥ ጥገና መጻፍ አለበት። ሐምሌ ላይ ዝናብ እየጣለ አንድ ሰው ዶማ ይዞ መንገዱን ቢሄድ፣ ውሃው የት እንደቆመና የት እንደሸሸ በዓይኑ አይቶ በአምስት ደቂቃ የሚያስተካክለው ነገር፣ መስከረም ላይ 12 ሰው ለሳምንት ያሠራል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ከደባርቅ ነው የምጽፈው፤ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎችን የምመራ ነኝ። በጓሳ ሣር በተሸፈኑት ሜዳዎች ላይ አንድ የነበረው መንገድ አምስትና ስድስት ሆኖ ጎን ለጎን ተሰንጥቋል። በቅሎዎቹ ናቸው ይባላል። ቢታጠር ይሻላል?

መልስ፦ በቅሎ ጭነት ተሸክማ በትንሽ ኮቴ ስለምትረግጥ አፈሩን ከሰው ጫማ ይልቅ እንደምታላላው እውነት ነው። ይሁን እንጂ መንገዱን የሚሰነጥቀው ጭቃው ነው። የመጀመሪያው መንገድ ሲጎደጉድ ውሃ ያቁራል፤ በቅሎዋም ጫኙም ጎብኚውም ዳር ዳሩን ይሄዳሉ፤ ያም በተራው ይጎደጉዳል። ስለዚህ አጥር ከማሰብዎ በፊት መሃለኛው መንገድ ከሁሉም ይልቅ ለመርገጥ የሚመች እንዲሆን ማድረግ ይቅደም። አጥር በዚያ ከፍታ እንጨት የሚያስፈጅና ጭላዳና ዋልያ የሚዘዋወሩበትን ሜዳ የሚቆርጥ በመሆኑ አልመክረውም።

ውሃ በሚያቁረው ቦታ ሁለት ትይዩ የድንጋይ መስመሮች አስቀምጡ፤ በመካከላቸው ከታች ትልልቅ ከላይ ደቃቅ ድንጋይ ሞልታችሁ ከሜዳው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉት፤ ከሁለቱም ጎን ውሃ የሚወጣበት ጠባብ ቦይ ይኑር። ድንጋዩን ከመንገዱ ዳር አትንቀሉ፤ ከሜዳው የተነቀለ ድንጋይ ሁሉ አዲስ የአፈር መሸርሸሪያ ቀዳዳ ይተዋል። ከወደቀ ቋጥኝ ሥር ሰብስባችሁ በባሬላ አምጡት። በተዳፋት ላይ ደግሞ ለበቅሎና ለእግረኛ የተለያየ መንገድ ቢኖር ጥሩ ነው፤ በቅሎ ቁመቱ የበዛ ደረጃ ስለማትወድ ሁልጊዜ በጎኑ ታልፋለች፤ የደረጃውም ጎን ይሸረሸራል።

የተተዉት መንገዶች በዚያ ብርድ ውስጥ በራሳቸው ቶሎ አይድኑም። ጓሳ ከነሥሩ ከሌላ ቦታ ነቅሎ መትከል ሌላውን ማራቆት ስለሆነ፣ አዲሱ መንገድ ሲቆፈር የሚነሣውን ሣር ከነአፈሩ ወዲያው ወደ አሮጌው መውሰድ ይሻላል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ከወደቁት ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ የወጣ ነው፤ ስለዚህ ማናቸውም ቁፋሮ በፓርኩ ባለሙያዎች ፈቃድና መሪነት ይሁን። የበቅሎ ጫኞችን ማኅበር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አማክሯቸው፤ በየትኛው ወር የትኛው ቦታ እንደሚጨቀይ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት ነው። ከልጆቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እንሄዳለን። መንገዱን የሚያጸዱ፣ ቀይና ቢጫ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌዎች አግኝተን ሳነጋግራቸው ደመወዝ እንደሌላቸው ነገሩኝ። እኛም ልንሳተፍ እንችላለን? ሙያ ይጠይቃል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ያገኟቸው ሰዎች መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልማድ ወራሾች ናቸው። ቤንተን ማካይ የተባለው የደን ባለሙያ በአፓላቺያን ተራሮች ላይ የሚዘረጋ ረጅም የእግር መንገድ እንዲሠራ ሐሳብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር፤ መንገዱ በ1937 ከጆርጂያ እስከ ሜይን ተገጣጠመ። ዛሬ 14 ግዛቶችን አቋርጦ ወደ 3500 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የዕለት ተዕለት ጥበቃው በአብዛኛው የሚከናወነው በየአካባቢው ባሉ የበጎ ፈቃደኞች ክለቦች ነው። በእርስዎ አካባቢ ያለው በ1927 የተመሠረተው የፖቶማክ አፓላቺያን ትሬይል ክለብ ሲሆን፣ በሸናንዶዋ ውስጥ የሚያልፈውን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ጨምሮ ረጅም ክፍል ይጠብቃል።

ለመጀመር ሙያ አይጠየቅም፤ መሣሪያውንም ብዙ ጊዜ እነርሱ ይሰጣሉ። ልጆች ከወላጅ ጋር ሆነው የሚሠሩት ቀላል ሥራ አለ፤ በመጸው ወራት የረገፈው ቅጠል ማፋሰሻዎቹን ስለሚደፍን እርሱን መጥረግ፣ ወደ መንገዱ የዘመመ ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ ቆሻሻ መሰብሰብ። ልምድ ሲያገኙ አንድ የመንገድ ክፍል በኃላፊነት ተረክበው በዓመት ውስጥ በየጊዜው እየሄዱ የሚጠብቁበት አሠራር አለ፤ ለቤተሰብ ከዚህ የተሻለ የቅዳሜ ውሎ አላውቅም። በዛፎቹ ላይ የሚያዩት 5 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ቀለም የዋናው መንገድ ምልክት ነው፤ እርሱንም የሚያድሱት እነዚሁ ተንከባካቢዎች ናቸው። በሞተር መጋዝ መሥራት ግን ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ከፓርኩ ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ በሕግ እንደ ዱር የተጠበቀ በመሆኑ በዚያ የሞተር መጋዝ ቀርቶ፣ በሁለት ሰው የሚጎተተው ረጅም የእጅ መጋዝ ነው የሚሠራው።

ሲሄዱ በመንገዱ ታችኛው ጎን ያሉትን ያለ ሲሚንቶ የተካቡ ድንጋዮች ለልጆቹ ያሳዩአቸው። እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1942 ሥራ አጥ ወጣቶችን ለተፈጥሮ ጥበቃ ያሰማራው የአሜሪካ መንግሥት መርሐ ግብር ሠራተኞች የካቧቸው ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ቆመዋል። ከሥራ ሲመለሱ የልጆቹን እግርና ጭንቅላት ለመዥገር ይፈትሹ፤ በዚያ አካባቢ መዥገር «ላይም» (Lyme) የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል።

ጥያቄ፦ የጎንደር እናት ነኝ። ልጄ በከፍተኛ ተራራ ላይ በእግር መንገድ ሥራ ለአራት ወር ተቀጥሯል። በብርዱና በድንጋዩ ልቤ ይፈራል። ምን ላዘጋጅለት?

መልስ፦ እናታችን፣ ፍርሃትዎ ምክንያት አለው፤ ግን አብዛኛውን አደጋ ሥርዓት ያለው ቡድን ያስቀረዋል። ከ3000 ሜትር በላይ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀለል ባለ ሥራ ማሳለፍ ይገባዋል። ራሱን የሚፈልጠውና የሚያስመልሰው ከሆነ ደብቆ ከመሥራት ለኃላፊው ነግሮ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ አለበት። ይህን አስቀድመው ይንገሩት፤ ወጣት ልጅ ሲደክመው መናገር ያፍራል።

ዶማ የሚያነሡ ሰዎች በመካከላቸው ሁለት የዶማ ርዝመት ያህል መራራቅ አለባቸው፤ ድንጋይ በሚንከባለልበት ጊዜ ከታች ማንም አይቁም። ከባድ ድንጋይ በወገብ አይነሣም፤ በድጅኖ እየተፈነቀለ ነው የሚሄደው። ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲጠቁርና ነጎድጓድ ሲሰማ ብረት መሣሪያውን አስቀምጦ ከአፋፉና ከብቸኛ ዛፍ ርቆ ዝቅ ወዳለ ቦታ መውረድ አለበት።

ለስንቅ በሶና ቆሎ ጥሩ ነው፤ በደጋ ብርድ ሰው ውሃ መጠጣት ስለሚረሳ ሁለት ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይያዝ። ፀሐዩ ከፍታ ላይ ቆዳ ስለሚያቃጥል ዙሪያውን የሚከልል ባርኔጣ፣ ለሌሊቱ ጋቢ፣ ለዝናቡ ውሃ የማያስገባ ካፖርት ያስፈልገዋል። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ ከመሄዱ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል የተለማመደው ይሁን። የቆዳ ጓንት ደግሞ ሁለት ጥንድ ያድርጉለት፤ አንዱ ድንጋይ ማንሣት ከጀመረ ከሳምንታት በላይ አይቆይለትም።